ሁለት ገጽ ሲቀራት አስቆምናት
ግልጽ ደብዳቤ

ለወሎ ደራስያን፣ ገጣምያንና አንባብያን፤
በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅና በሌሎችም ከተሞቻችን የንባብ ምሽት ለምታዘጋጁ ሁሉ፤
ባላችሁበት

እንዴት ከረማችሁ? ሰላም ናችሁ ወይ?

ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በመጽሐፍ ምረቃችሁ ተገኝቻለሁ፤ በደስታችሁ አጨብጭቤያለሁ። የምጽፍላችሁ እንደ ቤተሰብ ነው። አንድ ነገር ውስጤ ቀርቶ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የንባብ ምሽት ላይ ነበርኩ። የት እንደነበረና ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም። ክስ አልያዝኩም። አራት አምስት ሰው ግጥም ካነበበ በኋላ አንዲት ወጣት ወደ መድረኩ ወጣች። የድሮ ተማሪዬ ናት። ሰማያዊ ልባድ ያለው ደብተር ይዛለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ከምጽፈው ልቦለድ አንድ ምዕራፍ ነው። ስለ እኛ ስለ ጸሐፊዎች ነው። ያስቃል ብዬ አስባለሁ» አለች። ማንበብ ጀመረች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንዲት የደጋ ከተማ የሚኖር ሰውዬ ልቦለድ ይጽፋል። አሳታሚ የለውም። ከቁጠባ ማኅበር ይበደርና አዲስ አበባ አንድ ሺህ ቅጂ ያሳትማል። መጽሐፉ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። የምረቃ ቀን ስድስት ተናጋሪዎች ይወጣሉ። አንዱ «ዘመን ተሻጋሪ ሥራ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ከእጄ ሳላስቀምጥ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት» ይላል። ሦስተኛው ስለራሱ ቀጣይ መጽሐፍ አርባ ደቂቃ ያወራል። አራተኛው ልቦለዱን «ይህ የግጥም መድብል» እያለ ያመሰግነዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ሰውዬው ማታ ቤቱ ገብቶ መጽሐፉን ይገልጣል። ከገጽ 33 እስከ ገጽ 48 ተገልብጦ ተጠርዟል። ማተሚያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ያውቀዋል። አሥራ ስድስቱ ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ አብሮ ነው የሚታጠፈው። ሲገለበጥም አብሮ ይገለበጣል። ሌላ ቅጂ ያነሳል፤ እሱም ያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲፈታ ያድራል። አንድ ሺውም ተገልብጧል።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። እነዚያ ስድስት ሰዎች አንብበዋል። ታዲያ እንዴት አልነገሩኝም? ይጠብቃል። ሳምንት ይሆናል፤ ወር ይሆናል። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሁሉ «ግሩም መጽሐፍ ነው ወንድሜ!» ይሉታል። አንዱን ጨክኖ «መሐሉን እንዴት አየኸው?» ይለዋል። «መሐሉማ ልብ ይሰቅላል!» ይለዋል የተጠየቀው ሰው።

እዚህ ጋ አዳራሹ ሌላ ሆነ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ይስቃሉ። ከፊት ያሉት ዝም አሉ። አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ አንዳንዱ ስልኩን አወጣ። የመድረኩ መሪ ብድግ ብሎ ማይኩን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደ። «ሰዓት ስለገፋብን እናመሰግናለን» አለ። ሰዓት አልገፋም ነበር። ከዚያ አንድ አንጋፋ ሰው ተነሥተው «ሥነ ጽሑፍን በዚህ ሁሉ መከራ እዚህ ያደረስናት መሳቂያ እንድትሆን አይደለም» አሉ። ተጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ግን አፌንም አልከፈትኩም። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። «ትጨርስ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ከአዳራሹ ስወጣ ያ የደሴ ጉም ወርዷል። ከጦሳ ተራራ ተንሸራትቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ልጅቷን ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የሰደብኳቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «አብሽሪ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ደብተሩን ለመንኳትና ሰጠችኝ። በሁለት ሌሊት አነበብኩት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

እንግዲህ የምለውን ልበል። ጸሐፊን የሚያስቅ ልቦለድ የሥነ ጽሑፍ ጠላት አይደለም። ከወዳጆቿ ሁሉ የቅርቧ ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ይህን የምንረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

የቅኔ ቤት ልጆች ነን እኮ። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት ስመ ጥር ቅኔ ቤቶች ሲጠሩ አብራ የምትጠራው ዋድላ የማን ናት? ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ያሰማል። የቅኔው ቤት ሲሰበር፣ ምሥጢሩ ሲጎድል እዚያው ይነገረዋል። መምህሩ ያቀናለታል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ነገ ተመልሶ ይመጣል። ቅኔው ሲሰምርለት ደግሞ «ይበል! ይበል!» ይባልለታል። ያ «ይበል» የሚጥመው ትናንት ስላልተባለ ነው። በእኛ ምሽቶች ግን «ይበል» በር ላይ ይታደላል። ለሁሉም እኩል። ስለዚህ ማንም አያምነውም። ተመስጋኙ ራሱ አያምነውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኛ ጆሮ ግን ለራሳችን ብቻ ወዳጅ ሆኗል።

አዝማሪውስ? መሰንቆውን ይዞ በሰው መሐል እየዞረ አንዱን ያወድሳል፤ አንዱን ይነካል። የተነካው ሰው «ተቀበል» ብሎ ይመልስለታል እንጂ ተነሥቶ መሰንቆውን አይነጥቀውም። ቡና ላይም ያው ነው። ከአቦሉ እስከ በረካው ጨዋታው መነካካት ነው። ሲያበቃ ግን ምርቃቱ ይከተላል፤ ዱዓው ይከተላል። የወሎ ሰው ለዛ የሚባለው ይኸው አይደል? ሌላ ሀገር የሚያጣላ ቃል እኛ ጋ ቡና ያስደግማል። ታዲያ ይህ ሁሉ ለዛ መጽሐፍ ስንይዝ የት ይሄዳል? ባቲና አምባሰል የሀገራችን ስም የቅኝትም ስም ናቸው። ምሽቶቻችን ግን ሁሌ ትዝታ ብቻ ሆነዋል። ትዝታን እወዳለሁ። ግን ሌት ተቀን እሱ ብቻ ሲሆን ልብ ይዝላል።

የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት የተጀመረው በምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይገረማሉ። በለቅሶ አልተጀመረም። በ1910ዎቹ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ይዘው የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ጉድ አሳዩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው ተውኔታችን ስላቅ ነበር፤ የመጀመሪያው የታገደ ተውኔታችንም እሱው ነው። ያን ጊዜ ያገዱት ባለ ሥልጣናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት በሳንሱር አለፍን። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ዛሬ ደብተር ይዛ የወጣችን ልጅ የሚያስቆም መርማሪ የለም። ያስቆምናት እኛው ነን፤ ራሳችን ጸሐፊዎቹ። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የጸሐፊ ኑሮ የልቦለድ ጉዳይ ሊሆን አይገባም የሚል አለ? በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው»ን ያሳተመው እኮ ስለዚሁ ነው። የዋናውን ገጸ ባሕሪ፣ የደራሲውን የሲራክን ጓዳ፣ ችጋሩን፣ ድክመቱን ገልጦ አሳየን። ደራሲ ቅዱስ አይደለም ብሎ ነገረን። አነበብነው፤ ወደድነው። ልጅቷ ያመጣችው አዲስ ነገር ሳቁን ነው።

ሳቁም ቢሆን ለዓለም እንግዳ አይደለም። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 ባወጣው «ዶን ኪሾቴ» መቅድም ላይ ያለውን እስኪ ልንገራችሁ። ደራሲው መጽሐፉን ጨርሷል፤ ግን ተጨንቆ ተቀምጧል። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ። የጭንቀቱ ምክንያት የሌሎች መጽሐፍ መግቢያ ላይ የታላላቅ ሰዎች የውዳሴ ግጥም መኖሩ ነው፤ የእሱ የለውም። የሌሎች መጽሐፍ ላይ የሊቃውንት ስም ዝርዝር አለ፤ የእሱ የለውም። ወዳጁ ይመጣና ይስቅበታል። ግጥሞቹን አንተው ጻፋቸውና በፈለግኸው ሰው ስም አውጣቸው ይለዋል። የሊቃውንቱንም ስም ከሌላ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ገልብጥ ይለዋል። ለግጥሞቹ ባለቤትነት ከሚጠቁምለት ስም አንዱ የማን ነው ብትሉኝ፣ ፕሬስተር ጆን! በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሰዎች የእኛን ነገሥታት የሚጠሩበት ስም። አራት መቶ ዓመት አልፎታል። እስኪ ዛሬ የመጽሐፋችንን የጀርባ ሽፋን ገልብጡና እዩ። ያ ሳቅ ደጃችን ድረስ አልመጣም ትላላችሁ?

የቅርቡንም ልጨምር። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ2001 «ኢሬዠር» የሚል ልቦለድ አወጣ። ዋና ገጸ ባሕሪው ጥቁር ደራሲ ነው። ሥራዎቹን «የጥቁር ሰው ጽሑፍ አይመስልም» እያሉ ይመልሱበታል። ተናዶ በብዕር ስም አንድ ቅጥ ያጣ መጽሐፍ ይጽፋል። መሳለቂያ እንዲሆን ነበር። አሳታሚዎች ግን ገንዘብ አፈሰሱበት። በመጨረሻ ያ መጽሐፍ ሰውዬው ራሱ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት ውድድር ለሽልማት ይቀርባል። ኤቨረት በዚህ መጽሐፍ አሳታሚውን፣ ተቺውን፣ ሸላሚውን አንድ ባንድ አስቆበታል። አላባረሩትም። እ.ኤ.አ. በ2025 በሌላ ልቦለዱ የፑሊትዘር ሽልማት ሰጡት። ልቡ ሰፊ የሆነ የሥነ ጽሑፍ ሰፈር እንዲህ ያደርጋል። የወሎ ልብ ከዚህ ያንሳል ብዬ አላምንም።

ስላቅና ሽሙጥ አንድ አይደሉም። ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ሽሙጥ ሰውን ይይዛል። መልኩን፣ ድህነቱን፣ አካሉን ያነሳል። ስላቅ ልማድን ይይዛል። ያላነበቡትን ማመስገን ልማድ ነው። ጓደኛን «ዘመን ተሻጋሪ» ማለት ልማድ ነው። ደብተሩን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የአንድ ሰው ስም የለበትም። የምናውቀው ሰው መልክ የለበትም። ታዲያ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ለምን ራሳቸውን አዩ? ሁላችንም የምናደርገው ስለሆነ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ወዳጄ መጽሐፍ ጀርባ ላይ አስተያየቴ ታትሟል። መጽሐፉን ሠላሳ ገጽ ብቻ ነበር ያነበብኩት። «እስከ መጨረሻው የሚይዝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወዳጄ በእኔ ቃል አምኖ ለሰው አሳይቷል። እስካሁን ይቆጨኛል። በሰማያዊው ደብተር ውስጥ ያን ሁለተኛ ተናጋሪ ሳነብ ያየሁት ራሴን ነው። አመመኝ፤ ጠቀመኝም። ባለፈው ወር አስተያየት ጻፍ ስባል «አንብቤ ልጨርስና» አልኩ።

የሁለት ሰዎች ቅሬታ ከልቤ ገብቶኛል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ደራሲ ድሀ ነው። ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ያሳትማል። ካርቶኑ አልጋ ሥር ይቀራል። በዚህ ሰው ላይ እንዴት ይሳቃል? እውነት ነው። የወረቀቱን ዋጋ፣ የአከፋፋዩን ድርሻ፣ በየሱቁ ተሰጥቶ የማይመለሰውን ገንዘብ ሁላችንም እናውቃለን። ከወሎ ሆኖ ማሳተም ደግሞ በትራንስፖርቱና በምልልሱ እጥፍ ድካም አለው። ግን ደብተሩን ብታነቡት በዚህ ሰው ላይ የሚሳቅበት አንድ መስመር አታገኙም። የሚሳቀው ብቻውን በተዉት ሰዎች ላይ ነው። ያን አንድ ሺህ ቅጂ ሌሊት ሲፈታ የሚያሳየውን ገጽ ሳነብ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ያን የጻፈ ሰው ደራሲን አይንቅም።

ሌላው ደግሞ «ጊዜው የሳቅ አይደለም» ይላል። በ2014ቱ ጦርነት ስንቱን አየን። ሰው አጣን፤ ቤት አጣን፤ መጽሐፍ እንኳ ሳይቀር አጣን። ይህን የሚለኝን ሰው አከብረዋለሁ። ግን እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ የተጠለልንበት ቤት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ነበርን። ማታ ማታ መብራት በሌለበት አንዲት አሮጊት ቀልድ ያወሩልን ነበር። ልጆቹ በሳቅ እየደከሙ ይተኛሉ። እሳቸው ሲያዝኑ ማንም አላያቸውም፤ ሐዘናቸው ግን ከሁላችንም የከበደ ነበር። በዚያ ቤት ሳቅ የቅንጦት አልነበረም።

አሁን ያልሰማችሁትን ልንገራችሁ። ማይኩ ከእጇ ሲወሰድ ምዕራፉ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ነበር የቀረው።

በታሪኩ ውስጥ ስድስት ወር አልፏል። ሰውዬው መጻፍ ሊተው ወስኗል። መንገድ ዳር ጀበና ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ጋ ቡና ለመጠጣት ጎንበስ ብሎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። መጽሐፉ ከረከቦቱ አጠገብ አለ። ሽፋኑ ላይ ቡና ፈሶበታል፤ ጥግ ጥጉ ታጥፏል። ሴትዮዋ ስኒውን ታቀብለውና ታፍራለች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ ትለዋለች፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… መሐሉ ላይ የተገለበጠው ሆን ብለው ነው? ታሪኩ ላይ ያለችው ልጅ አባቷ ሲሞትባት ዓለም ተገለበጠባት ለማለት መስሎኝ። እኔም መጽሐፉን ገልብጬ አነበብኩት።»

ሰውዬው መልስ አይሰጥም። ስኒውን እንደያዘ ይቀራል። ቡናው ይቀዘቅዛል። ሴትዮዋ ያስቀየመችው መስሏት «ኧረ በሞቴ፣ ካጠፋሁ…» ትላለች። እሱ ብድግ ብሎ ሁለት እጇን ይስማል። ቤቱ ሄዶ ብዕር ያነሳል። ምዕራፉ እዚህ ላይ ያልቃል።

ያን ምሽት «መሳቂያ» የተባለው ይህ ነው። ስለ አንባቢ ክብር በአማርኛ የተጻፈ ከዚህ የበለጠ ገጽ በቅርብ ዓመታት አላነበብኩም። አዳራሹ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ነበር። ሁሉም ይህን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ሄደ። እኚያ የተቆጡት አንጋፋ ሰውም አልሰሙም። እሳቸውን አከብራለሁ። በልጅነቴ ግጥማቸውን በቃሌ ይዣለሁ። ያን የቡና ሻጭ ቢሰሙ ኖሮ ቀድመው የሚነሡና ልጅቷን የሚመርቁ እሳቸው ይሆኑ ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ልጅቷ መድረክ ይሰጣት። ያን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ታንብበው፤ ማንም ማይክ አይንካባት። ሲያልቅ የከፋው ሰው ይነሣና ይናገር፤ እሷም ትስማ። ለቀጣዩ የመጽሐፍ ምረቃም አንድ ልመና አለኝ። ከተናጋሪዎቹ መካከል መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ አንድ አንባቢ ይኑር። ሹም ወይም ገጣሚ መሆን የለበትም። ተማሪ ይሁን፣ ነርስ ትሁን፣ ቡና ሻጭ ትሁን። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መምህራንም የክፍል ልጆቻችሁ አስቂኝ ነገር ሲጽፉ «ቁም ነገር ጻፉ» ብላችሁ አትመልሷቸው። እኔ ብያለሁ፤ ከእንግዲህ አልልም።

የንባብ ምሽት ያለው ሰው ቀኑን ይንገረኝ። ወልድያም ቢሆን፣ ኮምቦልቻም ቢሆን ይዣት እመጣለሁ። የትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። የተቋረጠችበት ገጽ ላይ ወረቀት ሰክቻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ደሴ